መካነ ሰላም ላይ ያለ ጠበቃ ትምህርቱን እንዴት ይቀጥል?

በ2013 ዓ.ም. ብቻ አራት ትልልቅ አዋጆች ወጥተዋል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234፣ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237፣ አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 እና የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249። ከዚያ ዓመት በፊት ተመርቆ ቦረና፣ ወግዲ ወይም ሳይንት ላይ ሲሟገት የኖረ ጠበቃ ከእነዚህ አንዱንም ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ አልተማረም። ስለ ነጋዴና ስለ ንግድ ማኅበር የተማረው ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። የመሬት ሕጉም አልቆመም። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 በ252/2009 ተተክቷል፤ በ2016 ደግሞ የፌዴራሉ ቁጥር 1324 ወጥቶ የቀድሞውን 456/1997 ተክቷል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ከሚከፈቱ የፍትሐ ብሔር መዝገቦች ብዙዎቹ ከመሬት ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ይህ ለውጥ በቀጥታ የደንበኛዎን እርሻ ይነካል።

ሥልጠናው ግን ባሕር ዳር፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ የቀጠሮ ቀን አይጠብቅም፤ የጸጥታው ሁኔታም በፈለጉ ቀን ተነሥቶ መሄድ አያስችልም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሣው ከአንድ እምነት ነው፤ የእርስዎ ተከታታይ ትምህርት የሚጀምረው ከቢሮዎ መደርደሪያ ላይ ካሉት መዝገቦች ነው። ሥልጠና፣ ዩኒቨርሲቲና ሁለተኛ ዲግሪ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ፈቃድ ላላቸው ጠበቆች ተከታታይ የሕግ ሥልጠናን ግዴታ አድርጎታል፤ ያቋቋመውም የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ሥልጠና መስጠትን ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። የእርስዎ ፈቃድ ከአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ የተሰጠ ከሆነ፣ ለዕድሳት ምን እንደሚጠየቅ ከፈቃድ ሰጪው ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ። ሆኖም ግዴታው ኖረም አልኖረም ሰዓት መቁጠር ብቻውን ጠበቃን አያሳድግም። ኬንያ ጠበቆቿን በዓመት 5 ነጥብ ታስሞላለች፤ ኒውዮርክ በሁለት ዓመት 24 ሰዓት ትጠይቃለች። እንግሊዝ ግን ለሶሊሲተሮች የነበረውን የ16 ሰዓት ግዴታ በ2016 እ.ኤ.አ. አስቀርታ፣ ባለሙያው የራሱን ክፍተት ለይቶ እንዲሞላና ይህንንም እንዲያስረዳ አደረገች። ለመካነ ሰላም የሚስማማው ይህ የኋለኛው መንገድ ይመስለኛል። አዳራሽ ተቀምጦ ሰዓት የሚያስቆጥር ሥልጠና እዚህ ብዙ የለም፤ ክፍተቱን የሚያሳይ መዝገብ ግን ሞልቷል።

መዝገብዎን ያውጡ

ባለፈው ዓመት የያዟቸውን መዝገቦች በሙሉ ያውጡ፤ ያለቁትንም በቀጠሮ ላይ ያሉትንም። በእያንዳንዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉ። ጥያቄው "አሸነፍኩ ወይስ ተረታሁ?" የሚል አይሁን። "በዚህ ጉዳይ ላይ እርግጠኛ ሳልሆን የጻፍኩት ነገር ምን ነበር?" ብለው ይጠይቁ። መልስ ሲያዘጋጁ ከአሮጌ አቤቱታ ገልብጠው ያለፉት አንቀጽ፣ ዳኛው ሲጠይቁ "ቀጠሮ ይሰጠኝ" ያሰኘዎት ነጥብ፣ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ጠቅሶት እርስዎ ያላነበቡት የሰበር ውሳኔ፣ ሁሉም ይጻፍ።

እንዲህ ሲያደርጉ ጥያቄዎቹ በጥቂት ርዕሶች ዙሪያ ይሰበሰባሉ። አደራ፣ ርዕሱን ሰፊ አድርገው አይተዉት። "የመሬት ሕግን አጠናለሁ" ማለት ምንም አለማለት ነው። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ይያዙ፦ በስጦታ የተላለፈ የገጠር መሬት በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ካልተመዘገበ ስጦታው ምን ዋጋ አለው? የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ያለበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከፍቺ በኋላ እንዴት ይከፈላል፣ መሬቱ ከጋብቻ በፊት በአንዳቸው እጅ የነበረ ቢሆንስ? የኪራይ ውሉ በወረቀት ብቻ ተጽፎ፣ ምስክር ፈርሞበት፣ ሳይመዘገብ የቀረ እንደሆነ ተከራዩ ምን ብሎ ይከራከራል? ልጅ ከቤት ወጥቶ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ሲሠራ ቆይቶ አባቱ ቢሞቱ፣ በመሬቱ ላይ ያለው የውርስ መብት ከወላጁ ጋር ሲያርስ ከቆየው ወንድሙ ጋር እንዴት ይታያል? ይርጋውስ ከመቼ ይቆጠራል?

እነዚህ በየቀኑ ቢሮዎ በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ጥያቄዎች ናቸው። ከመካከላቸው ሦስቱን ብቻ ይምረጡ። የዓመቱ ትምህርትዎ እነሱ ናቸው። ሦስት ጥያቄ ጥቂት ቢመስልም አንዱን እስከ ሥሩ መርምሮ፣ የሕጉን ጽሑፍ፣ ደንቡን፣ የክልሉንና የፌዴራሉን ሰበር አቋም ይዞ መውጣት ወራት የሚወስድ ሥራ ነው።

የሕጉን ጽሑፍ በእጅዎ ያድርጉ

ከሰው የሰሙትን ሕግ አይጠቅሱ። የክልሉ አዋጅና ደንብ የሚታተመው በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ነው፤ የፌዴራሉ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ። አዋጅ 252/2009ን ከነማስፈጸሚያ ደንቡ፣ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995ን፣ አዲሱን የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግና የ1996ቱን የወንጀል ሕግ በወረቀት ይያዙ። አዋጅ ሲያነቡ ከመጨረሻው ይጀምሩ፤ የተሻሩ ሕጎችና የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች እዚያ ናቸው። አዲሱ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የተጀመረ መዝገብ በየትኛው ሕግ ይዳኛል የሚለው ክርክር የሚነሣው ከእነዚያ ጥቂት አንቀጾች ነው፤ ብዙ ጠበቃ ግን አያነባቸውም።

የሰበር ውሳኔ የራሱ አነባበብ አለው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት በማያንሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ የተደረገው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው፤ አዋጅ 1234/2013ም ቀጥሎበታል። ያንን ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች ይሰየማሉ። አዲሱ አዋጅ ከክልል ሰበር ችሎት ወደ ፌዴራል ሰበር የሚሄዱ ጉዳዮችንም በር አጥብቧል፤ ስለዚህ ደንበኛዎን "እስከ ፌዴራል ሰበር እንሄዳለን" ከማለትዎ በፊት አንቀጽ 10ን ያንብቡ። ሰው ጥማድ በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ "ጉዳዩ ለሰበር አይቀርብም" መባል ከባድ ነው።

የሰበር ውሳኔ ቅጾቹን በማውጫቸው ብቻ አይጠቀሙባቸው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1723 ተከትሎ ተወሰነ። ይህን ብቻ ይዞ የተከራከረ ጠበቃ፣ ሻጩ ውሉን ካመነ ፎርሙ አለመሟላቱ የሚታይበትን መንገድ በኋላ ከመጡት ውሳኔዎች ካላነበበ ግማሽ ሕግ ይዞ ነው የቆመው። ስለዚህ አንድ ውሳኔ ሲያገኙ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ፍሬ ነገሩ ከእኔ መዝገብ ጋር በምን ይለያል? ከዚህ በኋላ በዚሁ አንቀጽ ላይ ምን ተወሰነ? መልሱን በደብተር፣ በአንቀጽ ቁጥር ቅደም ተከተል ይመዝግቡ። በመዝገብ ቁጥር የተደረደረ ማስታወሻ ችሎት ላይ ተፈልጎ አይገኝም፤ በአንቀጽ የተደረደረው ግን ዳኛው ጥያቄውን ሳይጨርሱ ይገኛል።

ኢንተርኔት ሲኖር ያውርዱ። ከሐምሌ 2015 በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱን የኖረበት ያውቀዋል። የሰበር ቅጾቹን፣ አዋጆቹንና ደንቦቹን ደሴ ወይም ባሕር ዳር በሄዱ ቁጥር በፍላሽ ይዘው ይመለሱ፤ ለባልደረቦችዎም ያካፍሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረ ገጽና አቢሲኒያ ሎው ብዙውን በነጻ ያቀርባሉ። ከድረ ገጽ የወረደ አዋጅ ላይ ግን ክስ ከመጻፍዎ በፊት ከታተመው ጋዜጣ ጋር ያስተያዩት፤ በቅጂ ላይ የወደቀ አንድ "አይ" የአንቀጹን ትርጉም ይገለብጠዋል።

የንባብ ማኅበር ያቋቁሙ

ብቻዎን ያነበቡት ይረሳል፤ ለሰው ያስረዱት ይቀራል። አምስት ስድስት ሰው ይበቃል። ሁለት ሦስት ጠበቃ፣ ተከላካይ ጠበቃ፣ የመሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ፣ ቢቻል አንድ ራፖር ጸሐፊ። ራፖር ጸሐፊውን አይናቁ። ገበሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸውም የሚቃናውም ጠበቃ ከማየቱ በፊት በእሱ እጅ ነው።

ችሎት በማይበዛበት ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይገናኙ። ተራ የደረሰው ሰው አንድ የሰበር ውሳኔ በግማሽ ሰዓት ያቀርባል፤ ሌላው ሆን ብሎ ተቃራኒውን ይከራከራል። ከዚያ አንድ ሰው ከመዝገቡ የወጣ ጥያቄ ያመጣል፣ የደንበኛ ስም ሳይጠራ፣ ጎረቤት ሊለየው የሚችል ምልክት ሁሉ ተነሥቶ። መካነ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት። "በላይኛው ሰፈር ያለችው መበለት" ካሉ ስም ጠሩ ማለት ነው።

ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ቢመጡ ትምህርቱ ይበረታል፤ እነሱም ተመሳሳይ የመጽሐፍ እጥረት አለባቸው። ነገር ግን አንድ ደንብ ሳይጣስ ይጠበቅ፦ በቀጠሮ ላይ ያለ ጉዳይ፣ በምሳሌ ተሸፍኖም ቢሆን፣ ዳኛ ባለበት አይነሣም። ይህ ከተጣሰ የንባብ ማኅበሩ የጓዳ ችሎት ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ይሆናል። ርዕሱን ቀደም ብሎ ጽፎ መለጠፍና ለማንም ክፍት ማድረግ ከሐሜት ይጠብቃል።

ፍርድ ቤቶች ለእረፍት ሲዘጉ ደግሞ ረዘም ያለ ሥራ ይያዙ። አዲሱን የገጠር መሬት አዋጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከክልሉ 252/2009 ጋር አንቀጽ በአንቀጽ እያስተያዩ ማንበብ የአንድ ክረምት ሥራ ነው። የሚለያዩበትን ነጥብ በሠንጠረዥ ያውጡ። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ለመላው ደቡብ ወሎ ጠበቃ የሚጠቅም ሰነድ ይሆናል።

ከአገሩ ይማሩ

የሕግ ትምህርት ቤት ያላስተማረዎት፣ ነገር ግን ያለ እሱ ወሎ ላይ መሟገት የማይቻል ዕውቀት አለ። አንደኛው ሸሪዓ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። "ፈቃድ" የሚለው ነገር ሁሉ ነው፤ አንዲት ሴት ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ዳኝነት በእውነት ተስማምታ እንደሆነና ፈቃዷ እንዴት እንደተመዘገበ መመርመር የጠበቃው ሥራ ነው። ሙስሊም ያልሆነ ጠበቃም ስለ ኒካህ፣ ስለ መህርና ስለ ውርስ ድርሻ መሠረቱን ሊያውቅ ይገባል። ከቃዲ ጋር አንድ ሁለት ከሰዓት ተቀምጦ መጠየቅ ይቻላል፤ አክብሮ ለሚጠይቅ ያስተምራሉ።

ሁለተኛው ዕርቅ ነው። አበጋሮችና የአገር ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ፣ ካሣ ሲቆርጡ፣ ወገን ከወገን ሲያስታርቁ ኖረዋል። ይህ ከመደበኛው ሕግ ጋር የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ ይወቁ። በነፍስ ግድያ የተደረገ ዕርቅ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቆምም፤ ጸጸትና ለተበዳይ የተከፈለ ካሣ ግን በወንጀል ሕጉ ቅጣት ማቅለያ ሆነው ሊቀርቡ ይችላሉ። ታዲያ የዕርቁ ሰነድ ምን ይዞ ቢጻፍ ለፍርድ ቤት ይጠቅማል? በፍትሐ ብሔር ጉዳይስ ሽማግሌዎቹ የሰጡት ውሳኔ በአዋጅ 1237/2013 ዓይን ዕርቅ ነው ወይስ ግልግል ዳኝነት? የይግባኝና የአፈጻጸም ውጤቱ ስለሚለያይ ይህ አንዱ የዓመቱ ጥያቄዎ ሊሆን ይችላል። እኔ ብጠየቅ ከሦስቱ መጀመሪያ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሦስተኛውን በአጭሩ። ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤትዎ ነው፤ የግጦሽ፣ የእንጨትና የድንበር ክስ ይመጣልዎታል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ን ያንብቡ።

ተቋማቱን ይጠይቁ

ባሕር ዳር የሚገኘው የክልሉ የፍትሕ ባለሙያዎች ማሠልጠኛና የሕግ ምርምር ኢንስቲትዩት ሥራው በአመዛኙ ከዳኞችና ከዐቃብያነ ሕግ ጋር ነው፤ ጠበቃ ካልጠየቀ አይታሰብም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቱሉ አውሊያ ላይ ብቻ ሳይሆን እዚሁ መካነ ሰላምም ግቢ አለው። ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው፤ የእርስዎ ጥያቄ እነሱንም ሥራቸውን ያሠራቸዋል።

ጥያቄው የሚሰምረው ዝርዝር ሲኖረው ነው። "ሥልጠና ይሰጠን" የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይቀራል። በንባብ ማኅበሩ ስም፣ አባላቱ ሁሉ ፈርመውበት፣ እንዲህ ይጻፉ፦ ርዕሱ የገጠር መሬት ስጦታና ውርስ ነው፤ የያዝናቸው አምስት ጥያቄዎች እነሆ፤ ተሳታፊው ይህን ያህል ነው፤ አዳራሽ እኛ እናዘጋጃለን፤ ሁለት ቅዳሜ ይበቃናል፤ ሲያበቃ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት እንዲሰጠን እንጠይቃለን። መምህሩም ባዶ እጁን አይመለስ። ከቦረናና ከወግዲ መዝገቦች የሚወጣው ጥያቄ ለምርምሩ ጥሬ ሀብት ነው፤ እርስዎ የፍርድ ቅጂ ያቅርቡ፣ እሱ ትንታኔ ይስጥ። ሴት ጠበቆች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን በቀጥታ ያነጋግሩ።

የሕግ መጽሔቶችም አሉ። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት፣ የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲው ሚዛን ሎው ሪቪው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ መጽሔት። አብዛኛው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። ሁሉን ለማንበብ አይድከሙ፤ ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ አንዱን የሚነካውን ብቻ ይፈልጉ።

በኢንተርኔት ከሚሰጡ ነጻ ኮርሶች የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት መሠረታዊ ኮርስ በነጻ የሚወሰድ ነው። ከደንበኛዎ ጉዳይ ጋር ካልተያያዘ ግን ለምስክር ወረቀቱ ሲሉ ጊዜ አያባክኑበት። ወደ ግልግል ዳኝነት ማዘንበል የሚፈልጉ፣ አዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ሥር ያለውን የግልግል ተቋም የሥልጠና ፕሮግራም ይጠይቁ።

ሁለተኛ ዲግሪስ? ለመግባት አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅብዎታል። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር የማስተርስ ፕሮግራም አላቸው፤ የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ ወይም የክረምት መርሐ ግብር በዚያ ዓመት መኖሩን ከማመልከትዎ በፊት ያረጋግጡ። ምክሬ፣ መመረቂያ ጽሑፉን ሳያስቡ አይግቡ። ከመዝገብዎ የወጣ ጥያቄ ይዞ የገባ ጠበቃ ሲመለስ ቢሮውን የሚለውጥ ሥራ ይዞ ይመለሳል።

የተማሩትን ይመዝግቡ

አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ ይሁን። ቀን፣ ርዕስ፣ የወሰደው ሰዓት፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ በየትኛው መዝገብ ላይ እንደተጠቀሙበት። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል፤ ባዶ ሆኖ የሚቀር ከሆነ የመረጡት ርዕስ ለሥራዎ አልሆነም ማለት ነውና ይለውጡት። የንባብ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የተገኙት ይፈርሙበት። የምስክር ወረቀቶችዎን ፎቶ ኮፒ አድርገው አንዱን ቢሮ፣ አንዱን ቤት ያስቀምጡ፤ በእጅ ስልክም ያንሷቸው።

ለድሃ የሚሰጡትን ነጻ አገልግሎትም እዚሁ ደብተር ላይ ይጻፉ። በፌዴራል ደረጃ የቆየው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት 50 ሰዓት ይጠይቅ ነበር። እነዚህን ሰዓቶች ከሦስቱ ጥያቄዎች ጋር ያገናኙ፤ የስጦታ መሬትን እያጠኑ ከሆነ፣ በዚያው ጉዳይ የሚከሰሰውንና የመክፈል አቅም የሌለውን ሰው ጉዳይ በነጻ ይያዙ። ፈቃድዎን ለማደስ ሲሄዱ ደብተሩን፣ ቃለ ጉባኤውንና የምስክር ወረቀት ቅጂዎቹን አብረው ያቅርቡ፤ ባይጠየቁም ከማኅደርዎ ጋር እንዲያያዝ ያመልክቱ፤ የማመልከቻውን ቅጂ በገቢ ቁጥር አስመዝግበው ይያዙ።